ባለ ከፋዩ ራስጌ

ጅራታ የሰደበኝ በ1931 ዓ.ም. ታኅሣሥ ስምንት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሁሩሙ ገበያ ውስጥ፣ ማር ከሚሸጥበት በኩል ካለው ሾላ ሥር ነው። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አልደረሰችም ነበር። የሰሙት ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ከሰባቱ አራቱ ዛሬም በሕይወት ስላሉ የተጠራጠረ ሄዶ ይጠይቃቸው።

የተገናኘነው የሠርጉን ቀን ልንቆርጥ ነበር። ልጄን ሻሽቱን ለልጁ ለኩማ ጠይቆኛል፣ እኔም ሰጥቻለሁ፣ ጥር ሃያ ስምንት ይሁን ተባብለን ጨርሰናል። ልንነሣ ስንል ጅራታ ዱላውን ተደግፎ ሳቅ አለና፣

«ደበሳ፣ ለመሆኑ ልጅህን ምን ላይ ልታስተኛት ነው? ቀፎ ውስጥ ነው?» አለኝ።

ሰው ሳቀ። እኔ ቀፎ ሠሪና ንብ አርቢ ነኝ፤ መቱ ዳር ነው ቤቴ። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው ነገር ቢኖር ፊደል ነው፣ እሱንም ጎሬ ላይ አራት ወር ተምሬ፣ መምህሩ «ጭንቅላትህ የማር እንጀራ ነው፣ ቀዳዳ ብቻ» ብለውኝ ጥዬ ወጣሁ። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ጅራታን ሳቁ አልበቃውም። «ቀልዴን አይደለም» አለ። «የኔ ቤት ራስጌ ያለው አልጋ ያለበት ቤት ነው። ምራቴም ከነራስጌዋ ትምጣ። ከሌላት ሠርጉ እስክታገኝ ይቆይ።»

ራስጌ የሚለው ጣሊያኖች በአልጋቸው አናት በኩል የሚያቆሙትን ሳንቃ ነው፤ በውስጡ ታጭቆበት፣ በጨርቅ ተለብጦ፣ ትራስ የመሰለ። በዚያን ጊዜ ከጎሬ እስከ ሁሩሙ እንዲህ ያለ ነገር ያለው አበሻ ጅራታ ብቻ ነበር። ለጣሊያን መንገድ ሥራ ሰው ይሰበስብ ስለነበር፣ የመቱው ጣሊያን ሹም ሲዛወር ራስጌውን ለእሱ ትቶለት ሄደ። እንግዲህ «እስክታገኝ ይቆይ» ማለት «አይሆንም» ማለት ነበር። ሰባቱም ሰዎች ገብቷቸዋል።

ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። አፌ ግን አመለጠኝ።

«ይኖራታል! ያውም ባለ ከፋይ ጨርቅ!»

ያን ራስጌ እኔ ከጅራታ በፊት አውቀዋለሁ። በ1930 ሚያዝያ ላይ ከካሚዮን አውርደን ሹሙ ቤት ያስገባነው አራት ሰዎች ነን፣ አንዱ እኔ። አስገብተን እንዳቆምነው ሹሙ መሐረቡን ከኪሱ አወጣና እጄ ያረፈበትን ቦታ ጠረገው። የሌሎቹን አይደለም፣ የኔን። እጄን ታጥቤ ነበር።

ነገር ግን ተሸክሜው ስሄድ ጀርባውን አይቼዋለሁ። አይጥ በልቶት ተቀዶ ነበርና አንጀቱ ይታያል፤ ሳንቃ፣ ደረቅ ሣር፣ ጆንያ፣ ከፊት እስከ ኋላ የዘለቀ ክር። ከፊት በኩል እንደ እምብርት ጎድጎድ ያሉት ነገሮች ደግሞ ከኋላ በክር የተጎተቱ የልብስ ቁልፎች ናቸው። ያን ቀን ‘ይኸው ነው እንዴ?’ ብዬ ነበር በሆዴ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለበየነች ነገርኳት።

«ምን አልክ?»

«ባለ ከፋይ አልኩ።»

«ከፋዩን ከየት ልታመጣ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አፌ ነው ያለው።»

«እንግዲያው አፍህ ይስፋው!» አለችና ቁጭ ብላ ሳቀች። በየነች ስትስቅ ትከሻዋ ነው የሚስቀው። ከጓዳ ብቅ ያለችው ሻሽቱ ግን አልሳቀችም። ከኩማ ጋር እንደሚዋደዱ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሦስት ዓመት ጠብቀውኛል፣ እንቢ ስል እሺ ስል።

«አባባ፣ ባይሳካስ?» አለችኝ።

«ሰባት ሳምንት አለን» አልኳት።

ሰኞ ጀመርኩ። ለቀፎ ብዬ ሁለት ዓመት ያደረቅሁት የዋንዛ ግንድ ነበረኝ። እሱን ሰነጠቅሁና ሁለት ሰፋፊ ገጽ አወጣሁ፣ ጎን ለጎን ገጠምኳቸው። ሲበዛ ከበደ። ልጄ እስከ ሁሩሙ በሰው ጀርባ ነው የምታስወስደው፤ ስለዚህ እንዲቀል ጀርባውን ፈለፈልኩት። ሚስማሩን ከጣሊያን ካምፕ ከተጣለ የጥይት ሳጥን ነቅዬ፣ ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጥኩ አቃናሁት። ጣቴን አራት ጊዜ መታሁ። በየነች እየቆጠረች ነበር።

ከዚያ መቱ ሱቅ ወዳለው ወደ ሰማን ሄድኩ። ሰማን ቡና ገዝቶ የሚጭን ነጋዴ ነው፤ ታሪኩን ከኔ በፊት ሰምቶታል።

«ጋሼ ደበሳ፣ አልጋ ሠሪ ሆኑ አሉ!»

«ማን አለ?»

«ማን ያላለ አለ? ከፋይ ግን እኔም ጋ የለም፤ ጣሊያን ከመጣ ወዲህ አይቼም አላውቅ።» ከመደርደሪያው ሥር አንድ አሮጌ የቡና ጆንያና ጆንያ የሚሰፋበትን ረጅም መርፌ አወጣ። «ጆንያው ለሙሽሪት ስጦታ። መርፌውን ግን ይመልሱልኝ። ካልመለሱልኝ ቡናዬን በጥርሴ ነው የምሰፋው።»

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አለ። ሰው ሁሉ ይጠላኛል ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ ነበርና እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ሣር አጨቅሁበት። ሣሩ በጆንያው ቀዳዳ እየወጣ ይዋጋል። አውጥቼ የእንሰት ቃጫ ጨመርኩበት። በማግሥቱ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ተቆለለ፤ ሳንቃው መሐሉ ላይ አበጠ። በየነች ዞር ዞር እያለች አየችውና፣

«ይኼ መቼ ነው የሚወልደው?» አለች።

ሻሽቱ ያን ቀን ሳቀች። እኔ ተናደድኩ፣ ከዚያ አየሁት፤ እውነትም የደረሰች ላም ነው የሚመስል። ሳቅሁ።

መፍትሔው የመጣው ከሻሽቱ ነው። ሶር ወንዝ ዳር ባለው ጫካ ውስጥ ከትልልቆቹ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው፣ የዛፍ ሽበት የምንለው አለ፤ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዘረፈፈ። «እሱ እኮ ለስላሳ ነው አባባ» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ አባትና ልጅ ሆነን ሽበት ስንለቅም ሰነበትን። እሷ ዛፍ ላይ፣ እኔ ታች። እኔ ሳልጠይቃት ስለ ኩማ ስታወራኝ፣ እኔም ሳልቆጣት ሳዳምጣት የመጀመሪያው ያ ነበር። አጥበን፣ በፀሐይ አሰጥተን አደረቅነው።

ተባይ እንዳይኖርበት አጠንኩት። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ንብ አርቢ አዲስ ቀፎ ሲሠራ መንጋው ወድዶ እንዲገባለት የሚያጥንበት ቅጠልና ሥር አለው፤ እኔ የአባቴን ነው የምጠቀም። እጄ ሌላ ጭስ አያውቅም። ሽበቱን በዚያው አጠንኩት፣ የተፈለፈለውን ጀርባም በዚያው አጠንኩት፤ ክሩ እንዳይበጠስ በሰም አሸሁት፣ ሳንቃውም እንዳይሰነጠቅ ሰም ቀባሁት። ጆንያውን ወጥሬ በሚስማር ስመታ ከታች በኩል አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተውኩ፤ ሽበቱ ሲተኛ ልጨምርበት ብዬ። እያንዳንዱን ሳደርግ ልክ መስሎኝ ነበር።

ኩማ በዚህ መሐል ጨው ልገዛ ነው ብሎ ከሁሩሙ እየመጣ አጥራችን ሥር መታየት ጀመረ።

«ጋሼ ደበሳ፣ እኔ እኮ ሰሌን ላይ ብተኛም ግድ የለኝም» አለኝ አንድ ቀን፣ ቆብ አውልቆ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እዚህ ጋ ያዝልኝ።»

ያዘልኝ። ሲይዝ ሲይዝ አንድ ነገር አወጣ።

«አባቴ ራስጌውን በጆንያ ሸፍኖ ነው የሚተኛው። ከፀጉሩ ቅባት እንዳይነካው ብሎ። አንገቱ ይታመማል፣ ግን አይደገፍበትም።»

«ምን?»

«እውነቴን ነው። በዓል ሲሆን ብቻ ይገለጣል።»

መዶሻዬን ጣልኩ። በየነች ከጓዳ ሮጣ ወጣች፣ የታመምኩ መስሏት። ከ1930 ሚያዝያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ኩማን ልጄ ብዬ ነው የጠራሁት።

ሁሉ ተሠራ፣ ከፋዩ ቀረ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየነች ከጣራው ሥር የተሸጎጠውን ጥቅልል አወረደችና ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

የአባቴ ካባ ነው። ጥቁር ቀይ ከፋይ፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተሰፋ። አባቴ ለአንድ ትልቅ ሰው ዓመት ሙሉ ማር አቅርቦ የተሸለመው ነው። ጣሊያን ሲገባ ደበቅነው። የደበቅሁት ግን ከጣሊያን ብቻ አልነበረም፤ አንድ ቀን ለብሼው እወጣለሁ፣ ያዋረዱኝ ሁሉ ቆመው ያዩኛል እያልኩ ነበር የማስቀምጠው። ስማቸውን በቅደም ተከተል አውቀዋለሁ። ጎሬ ያሉት መምህር አንድ፣ የሚስቴ አጎት ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አራት ይሄዳል። ጅራታ አሥራ አራተኛ ነው።

«ይኼን አይደለም» አልኳት።

«መቼ ነው የምትለብሰው?»

«ቀኑ ሲመጣ።»

«ደበሳ፣ ብል ጀምሮታል። እስኪ እየው።»

አየሁት። ታችኛው ጠርዝ እንደ ወንፊት ሆኗል። ዘረጋሁት፣ ለካሁት፣ ደግሞ ዘረጋሁት። ራስጌውን ሊሸፍን ልክ ይበቃል፣ ብል የበላው ቢቆረጥም። ሻሽቱ በር ላይ ቆማ አያየኝም ብላ እያየችኝ ነበር። መቀሱን ራሴ ያዝኩ። የመጀመሪያው ቅድ ጥርሴን አስነከሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እጄ ቀለለኝ።

ቁልፎቹን ከተሰበረ ቅል ክብ ክብ አድርገን ቆርጠን፣ በካባው ቁርጥራጭ ለበጥናቸው። ሃያ አንድ ናቸው። አሰፋፉ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ በየነች ከፊት መርፌውን ትወጋለች፣ እኔ ከኋላ ተቀብዬ እጎትታለሁ፣ አስሬ እመልስላታለሁ። ሳንቃው በመሐላችን ስለሆነ አንተያይም።

«ደረሰህ?»

«አልደረሰኝም፣ ወደ ግራ።»

«የኔ ግራ ነው የአንተ?»

«የራስጌው!»

«ራስጌ ግራ አለው እንዴ? ሳብ በል፣ ጥልቅ ይበል። እንደሱ አይደለም፣ እንደ አንተ እምብርት!»

«ልጅ ይሰማል፣ በየነች።»

«ትስማ፤ ልታገባ አይደል?»

ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ቀን አውርተን አናውቅም። መርፌው ሁለት ጊዜ ወጋኝ፤ አንደኛው በስሕተት ነው፣ ሁለተኛው በስሕተት አይመስለኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሃያ አንደኛውን አሰርኩና ግድግዳው ላይ አቁመን ሦስታችንም ወደ ኋላ ሄደን አየነው። የወርቁ ጠርዝ ዙሪያውን ዞሮታል። ከጅራታ ራስጌ ይበልጣል። ይህን የምለው የኔ ስለሆነ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሦስት አራት ንቦች በታችኛዋ ቀዳዳ ሲገቡ ሲወጡ አየሁ። የሰሙ ሽታ ነው ብዬ እፍ አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ንብ ያረባሁ ሰው! ቤት የሚፈልጉ ሰላዮች መሆናቸውን የሌላ ሰው ቀፎ ላይ ባያቸው ኖሮ በአንድ ዐይኔ አውቅ ነበር። ግን የሠራሁት ራስጌ ነው ብዬ ስላሰብኩ ቀፎነቱ አልታየኝም።

እሑድ ጠዋት ሠርገኛው ከሁሩሙ ደረሰ። በደጃችን ዳስ ጥለናል፣ የኛኑ አልጋ አውጥተን ከአዲሱ ራስጌ ጋር ዳሱ አፍ ላይ አቁመን በሰው ፊት እንዲታይ አድርገናል። ሰማን ከመቱ አንድ ሙክት ነድቶ መጥቷል፤ ለሙስሊሞቹ ራሱ ሊያርድ። ጅራታ በበቅሎ መጣ፣ ካኪ ኮት ለብሶ። ከጎኑ ሽማግሌው አራርሳ ነበሩ፤ በሁሩሙ ያለሳቸው ሠርግም ዕርቅም አይሆንም።

ጅራታ ከበቅሎው ወርዶ ወደ ራስጌው ቀጥ ብሎ መጣ። ሻሽቱ በበሩ ስንጥቅ እያየች እንደሆነ አውቃለሁ። በጣቱ ተጫነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጎተታቸው። ወደ ጀርባው ዞሮ አየ፣ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ትንሽ ጎበጥ ብሏል» አለ።

«ሳንቃው ነው ወይስ ዐይንህ?» አሉት አራርሳ።

ሰው ሳቀ። በዚህ ጊዜ የተሣቀበት እኔ አልነበርኩም። ጅራታ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣና፣ «እስቲ የሚያስደግፍ እንደሆነ ልሞክረው» ብሎ አልጋው ላይ ቁጭ አለ፤ የራሱን በጆንያ የሚሸፍን ሰው፣ የኔ ላይ ጭንቅላቱን በሙሉ ኃይሉ ጣለ።

ከዚያ ጆሮውን ወደ ከፋዩ አስጠጋ።

«ይኼ ነገር ይዘፍናል እንዴ?»

ቀና ብዬ አየሁ። በግራዋው አበባ ላይ፣ ከአጥራችን ማዶ፣ ጥቁር ደመና እየተጠቀለለ ይመጣል። ድምፁን ከማንም በፊት ነው የማውቀው።

«ኦቦ ጅራታ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ሳይወራጩ ይነሡ።»

«ለምን እነሣለሁ?»

«ካኒሳ! ካኒሳ!» አለ አንዱ፤ በኦሮምኛ ንብ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ዳሱ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤት፣ ወንዶቹ ወደ አጥሩ፣ ሰማን ከነሙክቱ ወደ ቡናው ውስጥ። ጅራታ እጁን እያወናጨፈ አልጋው ሥር ገባ፤ ለሙሽሪት መከናነቢያ የተዘጋጀውን ጋቢ ስቦ ተጠቀለለበት። መንጋው መጥቶ ራስጌው ላይ አረፈ። ጥቂቱ በቀዳዳዋ ገባ፣ የቀረው ከታች እንደ ወይን ዘለላ ተንጠለጠለ። ራስጌው እውነተኛ ቀፎ ሆነ።

ከአልጋው ሥር ድምፅ መጣ።

«ሠርግ የለም! ሰምታችኋል? ይኼ ድግምት ነው! ልጄን ይዤ እመለሳለሁ!»

ከቤት ውስጥ የሻሽቱ ልቅሶ ተሰማኝ። ሰባት ሳምንት፣ ካባው፣ ሁሉም አለቀ አልኩ። ኩማ አጥሩ ጋ ቆሞ አንዴ ወደ አባቱ፣ አንዴ ወደ በሩ ያያል።

አራርሳ ብቻ ከመቀመጫቸው አልተነሡም ነበር። አንዲት ንብ ጢማቸው ላይ ትሄዳለች፣ አላባረሯትም።

«ጅራታ» አሉ።

«አቤት!» አለ አልጋው።

«አንተ ስትወለድ የአባትህ ቤት ውስጥ ንብ ገብቶ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ሰምቻለሁ።»

«አባትህ ምን አደረገ?»

የጋቢው ጫፍ ወደ አልጋው ሥር ተሳበ።

«ደገሰ። በሬ አረደ። ንብ በራሱ ፈቃድ ደጅ ሲመጣ እኛ እንደግሳለን እንጂ አንመለስም። ዛሬ ሙሽራ ጥለህ ብትመለስ ሁሩሙ ውስጥ ቀፎህ ላይ ንብ የሚቀር ይመስልሃል? ማሎ፣ እባክህ፣ አታሳፍረን። ከፈለግህ ለብቻህ ተመለስ። ኩማ ይቆያል።»

«እቆያለሁ» አለ ኩማ ቶሎ።

አልጋው ሥር ትንሽ ማጉረምረም ነበር፤ የንብ ይሁን የጅራታ አልለየሁትም።

እኔ እንግዲህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። የሚሰደድ ንብ ሆዱን ማር ሞልቶ ነው የሚወጣው፣ ካልተጫኑት አይናደፍም። አንድ ባዶ ቀፎ አምጥቼ አልጋው ላይ አኖርኩ። ጭስ ጥቂት ብቻ አሳየኋቸው፣ የገቡት እንዲወጡ። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን በዘለላው ውስጥ አስገባሁ። ሙቅ ነው፣ እንደ ሕፃን ገላ። በጣቴ እየዳበስኩ አውራዋን፣ ንግሥቲቱን፣ ፈለግኋት። ሰው ሁሉ ከአጥር ሥር፣ ከበር ስንጥቅ፣ ከቡናው ውስጥ ያየኛል። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ካባ አልለበስኩም፣ ሸሚዜም ክርኑ ላይ ተቀዷል፣ ደንታም አልሰጠኝ።

አገኘኋት። ረጅም፣ ወርቃማ። ቀፎው ውስጥ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ተከተላት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መንጋው ሁሉ እንደ ውኃ እየፈሰሰ ገባ። ከፋዩ አንድ ክር አልተነካ። ማር ማር ይሸታል።

በየነች እልል አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠርግ አልጽፍም፣ የነበረ ያውቀዋል፤ ሰማን ሳይቀር ጨፍሯል። ቀፎውን አፉን በቅጠል ዘግቼ ለሙሽሮቹ ሰጠኋቸው። ሁሩሙ ሄዶ የመጀመሪያው ቀፎአቸው እሱ ሆነ፤ ዛሬ ሃያ ሦስት አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ሊወጡ ሲሉ ጅራታ በሩ ላይ ጠበቀኝ። የላይኛው ከንፈሩ አብጦ እስከ አፍንጫው ደርሷል፤ አልጋው ሥር ሲገባ አንዷ ላይ ተኝቶባት ነው። ሾላው ሥር ከነበሩት ሰባት ሰዎች ሦስቱ አጠገቡ ቆመዋል።

«አላልኩም?» አለ ጮክ ብሎ። «ልጁን ቀፎ ውስጥ ነው የሚያስተኛት አላልኩም? ይኸው! ቀፎ ሠሪ ምን ይሠራል፣ ቀፎ!»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። መልሱ ነበረኝ። ሰባት ሳምንት እያንዳንዱን ቁልፍ ስጎትት ያዘጋጀሁት ነው፤ ጆንያው አለበት፣ መሐረቡ አለበት፣ የጣሊያን ትርፍራፊ የሚል አለበት። ቢነገር ያን ከንፈሩን ይዞ የሚገባበት አያገኝም ነበር።

አፌን ስከፍት በጅራታ ትከሻ በላይ መንገዱ ታየኝ። ኩማ ራስጌውን እንደ ልጅ አዝሎታል፣ ወርቁ በፀሐይ ያበራል። ሻሽቱ ከኋላው እየሄደች ትስቃለች። ለሙሽርነቷ የተቀባችው ቅቤ እጇ ላይ አለ፤ ያንን እጇን ከፋዩ ላይ አሳርፋ ነው የምትሄደው። አምስቱም ጣቶቿ ታትመዋል። ዞር ብላ አየችው። አልጠረገችውም።

አፌን ዘጋሁ። የሰማንን መርፌ ከኮሌታዬ ነቅዬ በእጄ ያዝኩ፣ እንዳልረሳው ብዬ፤ በጅራታ አጠገብ አልፌ፣ ሰማን ቀድሞኝ ወደ ወረደበት ወደ መቱ ቁልቁል ሄድኩ።